ግራ ሶሉ የወፈረ ጫማ ይዤ ወደ አራዳ

ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ጎን ለጎን የምንነግድ ወዳጆቼ አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰን ሰው የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነው፤ ብርዱንና ዋጋውን። እኔ ግን ከዚያ ከአንድ ጉዞዬ ሁለቱንም በቅጡ ይዤላቸው አልመጣሁም። የሄድኩበት ቤት ገበያ አይደለም። ከእነሱ የአንዱ እንኳ እግር እዚያ ይደርሳል ብዬ አልገምትም፤ ባይደርስም ይሻላል። እንደተመለስኩ ቀን በቀን አድርጌ ጻፍኩትና ዓመታት ከጫማ ካርቶን ውስጥ አኖርኩት። አሁን ያ መንግሥትም ጠያቂውም ስለሄዱ አውጥቼዋለሁ።

እኔ ጫማ ነጋዴ ነኝ። ፊደል የለየሁት ከትምህርት ቤት ይልቅ ከሱቅ በር ላይ ነው። ተወልጄ ያደግኩት አራዳ፣ ራስ መኮንን ድልድይ ጥግ ሲሆን፣ ድሬዳዋ የገባሁት ለሁለት ዓመት ብዬ ነበር። ሁለቱ ዓመት ሰባት ሆነ። ሙቀቱን ለመድኩ፣ ሽርጡን ለመድኩ፣ ቀትር ላይ ሱቅ ዘግቶ መተኛቱንማ ከተወላጁ በላይ ለመድኩ። ያልለመድኩት የከተማውን ሜዳነት ነው። የፒያሳ ሰው ቁልቁለት ወርዶ ዳገት ካልወጣ የሄደ አይመስለውም።

አንድ ቀን ከእትዬ አስካለ ደብዳቤ መጣ። እትዬ አስካለ ታላቅ እህቴ ናት፤ እናታችን ስትሞት እኔንና ታናሽ ወንድሜን ግርማን ያሳደገችን፣ ጊዮርጊስ ደጃፍ ጧፍ እየሸጠች አፍንጮ በር የምትኖር። ግርማ ከጠፋ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ደብዳቤው አንድ መስመር ነበር፦ «ግርማ ያለበት ታውቋል፤ ቶሎ ና።» ያኔ ሰው በደብዳቤ ብዙ አያወራም። እኔም እስር ቤት ነው፣ ወይ ሆስፒታል ነው ብዬ ደመደምኩ።

ከመነሳቴ በፊት ጫማ አሠራሁለት። የግርማ ግራ እግር በአንድ ጣት ታጥራለች፤ ስለዚህ የግራው ሶል ወፈር ይላል። ልኩን ፎርማ፣ የጫማ መሥሪያውን የእንጨት እግር፣ ሳላይ አውቀዋለሁ። በደረት ኪሴ ደግሞ አንድ ማመልከቻ ያዝኩ፣ ጉርድ ፎቶግራፌ የተለጠፈበት። እትዬ አስካለ ቀደም ብላ «ከጎኔ ያለችው ክፍል ልትለቀቅ ነው፤ የቀድሞ ነዋሪ ካመለከተ ይቀድማል ይባላል» ብላ ጽፋልኝ ነበርና፣ በዚያው ወደ ድሮው ቀበሌዬ ልመለስ ነው።

አንደኛ ቀን

ባቡሩ በጠዋት ተነሳ። ፊት ለፊቴ አምስት ቀሚስ ደርባ የተሳፈረች ሴት «ብርድ አልችልም» እያለች ላቧን ትጠርጋለች። ሁላችንም የአዲስ አበባን ብርድ እያነሳን አጽናናናት።

አዋሽ ላይ ፈታሾች ገቡ። ባለ አምስት ቀሚሷን «እንደምን ዋልሽ» ብሎ ያለፈ ፈታሽ እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ። ጫማዎቹን በሁለት እጁ መዘነ።

«ግራው ለምን ከበደ?»

«ባለቤቱ አንድ እግሩ አጭር ነው ጓድ ጌታዬ።» ጓድ ልበለው ጌታዬ ልበለው ስል ሁለቱም አመለጡኝ።

«የስንቱን አጭር እግር ሰምተናል! ወርቅ ነው?»

«ጎማ ነው።»

ቢላውን አወጣና ሶሉን ከጎኑ ተረተረው። ጎማ ነው። ወደ ውስጥ ገባ፤ አሁንም ጎማ ነው። ተናደደ።

«ታዲያ ጎማ ነው አትለኝም ነበር?»

«ረስቼው ነው።»

መታወቂያዬን ተቀበለኝ። «የየት አገር ሰው ነህ?»

«የአራዳ ልጅ።»

«ይሄ ድሬዳዋ ይላል።»

«እሱ ወረቀቱ ነው። እኔ የአራዳ ነኝ።»

«ምላስህ ነግሮኝ ነበር» አለና እየሳቀ መለሰልኝ። ጫማውን ግን እንደ ተሰነጠቀ ነው የመለሰው።

ለገሃር ስንወርድ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ብርዱ አንገቴ ሥር ገብቶ እንደ ድሮ ጓደኛ ያዘኝ። ታክሲው ወደ ፒያሳ ዳገቱን ሲይዝ ሞተሩ ያቃስታል፤ ድሬዳዋ ውስጥ ይህን ድምፅ የሚያወጣ መኪና ጋራዥ ይገባል፣ እኔ ግን ሰባት ዓመት የናፈቀኝ ድምፅ ነው። አፍንጮ በር ደርሼ እትዬ አስካለን ስሜ ሳልጨርስ ጫማዎቹን አወጣሁ።

«እስኪ እይልኝ፣ አዋሽ ላይ ቀደዱብኝ። ነገ አሰፍቼ እወስድለታለሁ። የት ነው ያለው?»

ጫማውን ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ስንጥቁን በጣቷ ትገጥማለች፤ ይከፈታል። ደግሞ ትገጥማለች።

«ገቤ፣ ግርማ ጫማ አይፈልግም» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሽታ የጎበኘው አንድ ጎልማሳ ጊዮርጊስ ደጃፍ መጥቶ «ጧፍ የምትሸጪው አስካለ አንቺ ነሽ?» ይላታል። ከዓመታት በፊት ሆስፒታል ከግርማ አልጋ አጠገብ ተኝቶ ነበር። ግርማ የሌላ ሰው ስም አስመዝግቦ እንደ ገባ፣ የራሱን ስምና የእህቱን ስም ለእሱ ብቻ እንደ ነገረው፣ እዚያው እንዳረፈ፣ ፈላጊም ስላልመጣ ለሕክምና ተማሪዎች መማሪያ እንደ ተሰጠ ነገራት። የማንን ስም እንዳስመዘገበ አያውቅም። ሰውዬው ድኖ አገሩ ገብቶ ስለነበር መልእክቱን ለማድረስ ዘገየ።

«አፅሙን አውጥቼ እናታችን ጎን ካላሳረፍኩት» አለች እትዬ አስካለ፣ «እኔ እዚያ ደጃፍ ጧፍ ስሸጥ ለማን ነው የምሸጠው?»

አልጋዋን ለቀቀችልኝ፤ እምቢ ብል አልሰማችኝም። ድሬዳዋ ሰው በበጋ ውጭ ይተኛል፤ እዚህ ሦስት ብርድ ልብስ ደርቤም አልሞቀኝም።

ሁለተኛ ቀን

በጠዋት ቁልቁል ወርጄ ድልድዩ ሥር ከተቀመጠ ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄድኩ። ጫማውን አገላብጦ «ይሄን ማን ነው በቢላ የበላው?» አለኝ። ማስቲሽ እየቀባ ሳለ የድልድዩን ግንብ አየሁት። ሕፃን ሆነን ግርማን ከዚያ ላይ ዝለል ብዬ ያስዘለልኩት እኔ ነኝ። «ከዘለልክ ብይዬን እሰጥሃለሁ» አልኩት። ዘለለ። ግራ ቅልጥሙ ተሰበረ። ብይዋን ግን አልሰጠሁትም።

ለመጨረሻ ጊዜ የተለያየነውም እዚያው ድልድይ ላይ ነው። ወደ ድሬዳዋ ልነሳ ስል የቀበሌ መታወቂያዬ ጠፋ። ያኔ መታወቂያ የሌለው ወጣት ከደጃፉ አይወጣም ነበር። ግርማ የራሱ አልነበረውም፤ ለምን እንደሌለው አልጠየቅሁትም፣ በዚያን ሰሞን አለመጠየቅ ጨዋነት ነበር። ሰው በተሰበሰበበት «ሌባ» አልኩት። «ፈትሸኝ» ብሎ እጁን ዘረጋ። አልፈተሽኩትም፤ ስድቤን ግን አላነሳሁም። እያነከሰ ዳገቱን ወጣ። ለቀበሌው ጠፋብኝ ብዬ መሸኛ ወረቀት ተቀብዬ ሄድኩ።

ረፋዱ ላይ ከእትዬ አስካለ ጋር ወደ ዩኒቨርሲቲው የአናቶሚ ክፍል ሄድን። ይሸተኛል ብዬ አፍንጫዬን አዘጋጅቼ ነበር። የሚሸተው የአናጢ ቤትና የልብስ ብል መድኃኒት ነው። ግራጫ ጋዋን የለበሱ፣ አጭር፣ ጢማቸው በጥንቃቄ የተከረከመ ሰው ተቀበሉን። ጋሽ ሙላቱ ይባላሉ፤ የአፅሞቹ ጠባቂ ናቸው። ወንበር ጠርገው ሰጡን፤ እትዬ አስካለ ዓይኗን ከመሬት ባለማንሳቷ ሻይ አስመጡላት።

ክፍሉ ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ ነው። በመደርደሪያው ላይ ረጃጅም የእንጨት ሣጥኖች፣ በእያንዳንዱ ላይ ቁጥር። ራስ ቅሎቹ ለብቻቸው፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት። ሁለት ተማሪዎች አንድ የዳሌ አጥንት መሐላቸው አስቀምጠው በእርሳስ ይሥላሉ፤ በጸጥታ፣ እንደ ተከበረ እንግዳ አድርገው።

«ይኸውልዎት» አሉኝ ጋሽ ሙላቱ፣ «የእነዚህ የእያንዳንዳቸው ዕድሜ፣ ጾታ፣ ቁመት ተመዝግቧል። ነገ አንድ ያልታወቀ አጥንት ከሜዳ ቢገኝ እዚህ ይመጣል። ከታወቀው ጋር ይመሳከራል። ወንድ ነው፣ ሴት ናት፣ ይሄን ያህል ዓመት ኖሯል ይባላል።»

ገባኝ። የእኛ ፎርማ ማለት ነው፤ ልኩ የታወቀ እግር፣ ላልታወቀው እግር መለኪያ። ነገሩ ቢገባኝም አንጀቴን አላራሰውም።

እትዬ አስካለ «ግርማ የሚባል አለ?» አለች። ጋሽ ሙላቱ መዝገባቸውን ወደ ደረታቸው አስጠግተው ገጽ በገጽ በጣታቸው ወረዱ። ለውጭ ሰው አያሳዩም።

«ግርማ የሚባል የለም እህቴ።»

«በሌላ ስም ነው የገባው።»

«እንግዲያው ምልክት አለው?»

«ግራ ቅልጥሙ በልጅነቱ ተሰብሮ ተጠግኗል» አልኩ።

ጋሽ ሙላቱ አዘኑልኝ። «በአገራችን ያልተሰበረ ማን አለ ብለው ነው? ግራ ቅልጥማቸው የተጠገነ ወንዶች ብቻ አምስት አሉኝ። የማን የማን እንደሆነ የሚያውቅ ስብራቱን ያሰረው ሰው ነው።»

ያን ጊዜ እትዬ አስካለ ከተቀመጠች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «ያሰረው ሰውማ አለ» አለች።

ሦስተኛ ቀን

አባባ ዘለቀ የአፍንጮ በር ወጌሻ ናቸው። እኔ ልጅ ሆኜ ሽማግሌ ነበሩ፤ አሁንም ያው ናቸው፣ ዓይናቸው ብቻ ደክሟል። ጉዳዩን ስነግራቸው ካፖርታቸውን እየደረቡ «ሥራዬን ልታሳየኝ ነው? ሥራውን ከሥጋው ነጥሎ ያየ ወጌሻ አለ?» አሉ። ለድካማቸው የያዝኩትን ሳወጣ በከዘራቸው እጄን መቱኝ።

ክፍሉ በር ላይ ቆብ አወለቁ። ለሣጥኖቹ ሁሉ ጎንበስ ብለው «እግዜር ይማራችሁ ልጆቼ» አሉ። እርሳስ የያዙት ተማሪዎች ተነስተው ቆሙ።

ጋሽ ሙላቱ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አነጠፉና አምስቱን ቅልጥሞች ደረደሩ። አባባ ዘለቀ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የመጀመሪያውን ዳበሱ።

«ይሄን ያሰረው ሰው በግም አስሮ አያውቅ።»

ሁለተኛውን። «ይሄ የጎበዝ እጅ ነው። የእኔ አይደለም።»

ሦስተኛውን አንስተው ወዲያው አስቀመጡት። «ይሄ በጂብስ የተያዘ ነው። የሆስፒታል። ውስጡን አላሹትም።»

አራተኛውን ሲይዙ አውራ ጣታቸው ቀጥ አለ። ወደ ላይ ሄደ፣ ወደ ታች ተመለሰ፣ አንዲት ጉብታ ላይ ቆመ። እትዬ አስካለ ክንዴን ጨምድዳ ይዛለች።

«ይሄ የእኔ ነው» አሉ። «አበላሽቼዋለሁ።»

«ምኑ ላይ አባባ?» አሉ ጋሽ ሙላቱ፣ ከልባቸው ለማወቅ።

«እዚህ ጋ ወደ ውጭ ዞሯል፤ አጥሯልም። የቀርከሃ ስንጥሩን ሳስር አንዱን ልጅ እግሩን ሳብ አድርገህ ያዝ ብዬው ነበር። የተሰበረው ሲጮህ ይሄኛው ለቀቀ።» ጨፍነው እንዳሉ ከዘራቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «አንተ ነህ የለቀቅኸው። ለእህትህ ሳልነግራት ስንት ዘመን ቻልኩልህ።»

እትዬ አስካለ አልተቆጣችኝም። ነጠላዋን አውልቃ ቅልጥሙ ላይ ጣለች፣ ሕፃን እንደምታለብስ። እኔ እሱን ሳይሆን የራሴን እጅ ነበር የማየው።

ጋሽ ሙላቱ በክብር ጠብቀው፣ የሣጥኑን ቁጥር አንብበው መዝገቡን ገለጡ። «ወንድ። ስሙ… ገበየሁ ተሰማ።»

ገበየሁ ተሰማ እኔ ነኝ።

መታወቂያዬን ወስዶት ነበር። በእኔ ፎቶግራፍ፣ በሚመሳሰለው ፊታችን፣ በእኔ ስም ኖሮ በእኔ ስም ታክሞ ሞተ። ሆስፒታሉ ቀበሌው ዘንድ አስጠይቆ ቢሆን እንኳ መልሱ «አገር ለቆ ሄዷል» ነው። ሌባ ስለው ልክ ነበርኩ ማለት ነው። በሕይወቴ ልክ በመሆኔ እንደዚያ ያዘንኩበት ቀን የለም።

«ምነው?» አሉ ጋሽ ሙላቱ።

እትዬ አስካለ ቀደመችኝ። «ወንድሜ ነው። ገበየሁ ተሰማ የእናቴ ልጅ፣ ወንድሜ ነው።» ቃል በቃል እውነት ነው።

«ግርማ ብላችሁ አልነበረም?»

«እኛ ግርማ ነው የምንለው።» ይህም እውነት ነው።

ጋሽ ሙላቱ ወደ እኔ ዞሩ። ትናንት ስሜን አልጠየቁኝም ነበር። «የእርስዎስ ስም?»

አባባ ዘለቀ ከወንበራቸው «እሱ ነጋዴ ነው፤ ስም ምን ያደርግለታል?» አሉ።

ጋሽ ሙላቱ ፊቴን አዩ፤ ራስ ቅል ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው፣ የወንድማማች ፊት አይጠፋቸውም። መዝገቡን ቀስ ብለው ዘጉ። «እንግዲህ ነጋዴው፣ እህት ከቀበሌዋ ደብዳቤ ታምጣ፤ ገበየሁ ተሰማ ወንድሟ መሆኑን፣ በሞት መለየቱን። የክፍሉ ኃላፊ ይፈርማሉ። ወገን ያለው ሰው እዚህ አያድርም።»

አራተኛ ቀን

ቁርስ ላይ ሽሮው በረደ፤ ሁለታችንም አልነካነውም።

«ቀበሌ ሄጄ እውነቱን ብናገርስ?» አለች እትዬ አስካለ።

«መታወቂያውን ከየት አመጣው ይሉሻል። ከዚያ የራሱን ለምን አላወጣም ይሉሻል። ከዚያ አንቺን ቁጭ በይ ይሉሻል።»

«አንተ ከሞትክ ደግሞ ክፍሏ ቀረች። መምጫህ ቀረ።»

«ቀረ።»

«ሰባት ዓመት እኮ ነው የጠበቅኩህ ገቤ።»

እኔ ዋጋ ሳልከራከር ውሃ እንኳ ገዝቼ የማላውቅ ሰው ነኝ። ያን ዕለት ግን አልተከራከርኩም። እግሩን የለቀቅሁት እኔ ነኝ። «ሂጂ፣ ደብዳቤውን አጽፊ» አልኳት።

እሷ ቀበሌ ስትገባ እኔ ማዶ ካለች ቡና ቤት ባርኔጣዬን እስከ ቅንድቤ አውርጄ ባንኮኒው ጋ ቆምኩ። ድሬዳዋ ማኪያቶ እንዲህ አያውቁበትም፤ ይሄ የፒያሳው ነው፣ አረፋው ላይ ስኳሩ ትንሽ ቆሞ የሚሰምጥበት። አሮጌው አሳላፊ ጎንበስ ብሎ ከባርኔጣው ሥር አየኝ።

«ገቤ! አለህ እንዴ?»

«እስካሁን አለሁ» አልኩት።

ማኪያቶዬን ሳልጨርስ እትዬ አስካለ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዛ ወጣች። አዲስ ጸሐፊ ነው የመጣው። ፋይሌን አውጥቶ «ለቆ ሄዷል ይላል» ሲላት «ተመልሶ ነው የሞተው» ብላዋለች። «ነፍስ ይማር» ብሎ ማኅተሙን አሳረፈ። እግረ መንገዷን ስለ ክፍሏ ብትጠይቅ ለሌላ ሰው ተሰጥታለች።

ከዚያ በኋላ ፒያሳን ዞርኩ። የወርቅ ቤቶቹን መስኮት፣ የሲኒማውን ደጃፍ፣ የጊዮርጊስን አጥር። ቁልቁለቱን ወረድኩ፣ ዳገቱን ወጣሁ፣ ደግሞ ወረድኩ። ለአንድ ቀን ብዙ ነው፤ ላልመጣባቸው ቀኖች ግን አልበቃኝም።

አምስተኛ ቀን

ጋሽ ሙላቱ ጋዋናቸውን ትተው ሙሉ ልብስ ለብሰው ነበር። አፅሙን በቅደም ተከተል ራሳቸው ደረደሩት። «አንድ የእግር ጣት አጥንት እንኳ አላጎደልኩም» አሉኝ። የኩራት ድምፅ ነበር፤ አመሰገንኳቸው።

ጫማዎቹን አወጣሁ። ሰፊው በደንብ ገጥሞታል፣ ስንጥቁ አይታይም። ያለ ሰው እግር የሚቀመጥ ጫማ ቅርጹን እንዳይለቅ ውስጡ ወረቀት ይጠቀጠቃል። ኪሴን ዳበስኩ። ማመልከቻውን ከነፎቶግራፉ አጣጥፌ በግራው ውስጥ ጠቀጠቅሁት።

እትዬ አስካለ «ጫማ ይዞ ይኬዳል እንዴ?» አለች።

«ተዪው» አሏት አባባ ዘለቀ። «እኔ አሳጥሬዋለሁ፤ እሱ ያስተካክለው።»

እናታችን ካረፈችበት ቤተ ክርስቲያን አምስት ሰው ነን፤ ዕድር አልተነገረም። ቄሱ «የክርስትና ስሙ?» ሲሉ እትዬ አስካለን አየኋት። ፍታት የሚደረገው በዓለም ስም አይደለም። የእኔ ገብረ ጊዮርጊስ ነው።

«ወልደ ሚካኤል» አለች እትዬ አስካለ፣ ጮክ ብላ፣ ሰባት ዓመት ያጠራቀመችውን ድምፅ አውጥታ።

የግርማ ስም ነው። መንግሥት እኔን ቀበረ፣ ቤተ ክርስቲያን እሱን። እትዬ አስካለ ከምትሸጠው ሳይሆን ለራሷ ያስቀረችውን ጧፍ አበራች።

ስድስተኛ ቀን

እትዬ አስካለ ለገሃር ድረስ ሸኘችኝ። የምትቀመጥበት አጥታ ሳይሆን መቀመጥ ስላልቻለች፣ ባቡሩ እስኪነሳ መስኮቴ ሥር ቆመች። «ወደፊት እኔ እመጣለሁ» አለች። «ሙቀቱን አትችዪውም» አልኳት። «አንተ ብርዱን ቻልከው?» አለች። ሞጆን እስክናልፍ ራሴን ከመስኮቱ አላነሳሁም።

አዋሽ ላይ ያው ፈታሽ ገባ። ወዲያው ለየኝ።

«ጎማው ሰውዬ! ያ ጫማስ?»

«ባለቤቱ ወሰደው።»

ትንሽ አፈረ መሰለኝ። «ተሰፍቶ ሆነለት?»

«ልኩ ሆነለት።»

መታወቂያዬን ከፈተ፣ ፎቶግራፉን አየ፣ እኔን አየ። ጨዋታ ፈልጎ ነው፤ «የየት አገር ሰው ነኝ ነበር ያልከኝ?» አለ።

ከውጭ ሙቀቱ በመስኮቱ እየገባ ነበር።

«የድሬዳዋ» አልኩት።